ጉድጓዱ እስኪተነፍስ

አባዬ፣

ሰላምታ አላበዛም። እማዬ አጠገቤ ተቀምጣ በሰላምታ ካልጀመርሽ አትጻፊ ስላለችኝ ብቻ፣ አሰላሙ ዐለይኩም። ከዚህ በኋላ ያለው ንዴት ነው። ከተለየኸን ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀን ቀረው፤ አምና በዚሁ ሰሞን፣ የነሐሴ ጨረቃ ልትጠፋ ስትል ነበር አሉ። አሉ የምለው እኔ ስላልነበርኩ ነው። ማንበብ አትችልም ነበር፤ እዚያ አስተምረውህ እንደሆነ እንጃ። ከደሴ የላኩልህን ደብዳቤ ሁሉ የሮቢቱ መምህር ያነብልህ ነበር፤ አንድ ጊዜ አይበቃህም፣ ድገምልኝ ትለው ነበር አሉ። ይህን ግን የማነብልህ እኔው ነኝ። የትና በማን ፊት እንደማነበው መጨረሻው ላይ እነግርሃለሁ።

ነገር ከመሀል ሲጀመር አትወድም ነበርና ከመጀመሪያው ልነሳ። ያንተንም የትንሹን ወንድሜን የሰይድንም መርዶ የሰማሁት በአንድ ጧት ነው። እህትህ፣ አክስቴ ፋጡማ፣ የስምንተኛ ክፍል ፈተናዬን ጨርሼ እስክወጣ አፏን ዘግታ ከረመች። ልጅቱ ፈተና አለባት፣ ትምህርቷ እንዳይበላሽ ተባብለው ከቆቦ የመጣውን ሰው ሁሉ ደጅ ላይ እየጠበቁ ይመክሩት ነበር። እኔ ደግሞ ወደ አገር የሚመለሰውን ሁሉ እየያዝኩ ለአባዬ ሰላም በሉልኝ፣ ይህን ለሰይድ ስጡልኝ እላለሁ። እርሳስ ልኬለታለሁ። አንድ ጊዜም ነጭ ቆብ ልኬለታለሁ። ለሞተ ሕፃን የተላከ ቆብ ተቀብሎ እሺ አደርሳለሁ የሚል ሰው አንጀቱ ምን ቢሆን ነው? ቆቡም እርሳሱም ከደሴ አልወጡም፤ አክስቴ ከሣጥኗ አውጥታ ስትሰጠኝ ነው መርዶው ገና ሳይነገረኝ የገባኝ።

ያን ዓመት ደሴ እንዴት እንደነበረች ልንገርህ። የራያ ሰው በመንገዱ እየወጣ ይመጣና በየአጥሩ ሥር ይጋደማል። ከትምህርት ቤት ስመለስ የተኛውን ሁሉ ፊቱን እያየሁ ነበር የማልፈው፤ ከመካከላቸው እናንተን እንዳላገኝ እየፈራሁ። ትልቅ ሰው በመኪና የሚያልፍ ዕለት ፖሊስ መጥቶ ከመንገድ ዳር ያነሳቸዋል። ረሃብ የሚባል ነገር የለም፣ ዝናቡ ትንሽ ዘገየ እንጂ ይባል ነበር። አንተ ደግሞ በመጣው ሰው ሁሉ ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ እያልክ ትልክብኛለህ። አክስቴ ቤት ሦስቴ እየበላሁ የተቀመጥኩት አንተ ደህና ነን ስላልክ ነው። ከሹሞቹ «ረሃብ የለም» እና ካንተ «ደህና ነን» የትኛው የባሰ ውሸት እንደሆነ ምረጪ ብትለኝ እቸገራለሁ።

በሰኔ አውቶቡስ ተሳፍሬ መጣሁ። ጎብዬ ስንደርስ ገበያው ቆሟል፤ ሰው ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ይሸጣል፣ ይገዛል፣ ዋጋ ይከራከራል። ሮቢት ላይ ወርጄ የቀረውን በእግሬ ገባሁ። ዘንድሮ ዝናቡ ጥሏል። ሜዳው አረንጓዴ ለብሶ ሳየው ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፣ ደሜ ፈላ እንጂ። አምና የት ነበርክ ብዬ ዝናቡን ሰደብኩት፤ አስተግፊሩላህ።

ቤታችንን ብታየው አታውቀውም። የጣሪያውን ሣር ከብቶቹ በሉት፣ ከብቶቹም ተከትለው አለቁ። በሩን ሸጣችሁት ነበር፤ አሁን የተንጠለጠለው ማዳበሪያ ጆንያ ነው። ከእኛ በታች ካሉት ቤቶች ጭስ የሚታይባቸው ጥቂት ናቸው። እማዬ እኔን ስታይ ጮኸች፤ ከጩኸቷ በቀር የማውቀው አካል አልነበራትም። በእርዳታ ዱቄት ትንሽ አገግማለች ይላሉ ጎረቤቶች። ካገገመች በኋላ ያየኋት እንዲህ ከሆነች አንተ እንዴት ሆነህ እንደሄድክ መገመት አልፈልግም። መቃብርህን አሳዩኝ ብዬ ቆቦ ድረስ ሄጃለሁ። ከሞትክበት የረሃብተኞች መጠለያ ጀርባ አንድ ረጅም የአፈር ክምር አሳዩኝ፤ ከዚህኛው ጫፍ ይሁን ከዚያኛው የሚያውቅ አልተገኘም። መካከሉ ላይ ቆሜ ዱዓ አድርጌ ተመለስኩ።

እማዬ በየጧቱ በረቱን ትጠርጋለች። ከብት የሌለበትን በረት። ፍግ የለ፣ ገለባ የለ፣ ምን ይጠረጋል እላታለሁ፤ መጥረጓን ትቀጥላለች። ሐዘን ነው፣ እጇ የለመደውን ይሥራ ብዬ ልተዋት ነበር፤ ግን አንዱን ጥግ ብቻ እየመረጠች ስትዞር አየሁ። ነዘነዝኳት። የልጅ ነዝናዛ መሆኔን አንተው ስታወራው የኖርከው ነው። በመጨረሻ ነገረችኝ፤ ከበረቱ ሥር የአያ በላይ እህል አለ፣ አልተነካም አለች።

አባዬ፣ በረቱ ውስጥ ቆሜ መሬቱን በእግሬ እየመታሁ ነበር። ከእግሬ ሥር ማሽላ ነበር። ሰይድ ተኝቶበት የሞተው መደብ ከዚያ ቦታ ልጅ ጠጠር ቢወረውር ይደርሳል። ያን ቀን በሕይወት ብትኖር ኖሮ ምን እንደምልህ አላውቅም። አባት ላይ አይጮህም ብለህ ነው ያሳደግኸኝ፤ እኔ ግን የጮኽኩብህ ያኔ ነው፤ መሬቱን እያየሁ።

አያ በላይን አንተ ታውቀዋለህ፤ ይህን የሚሰማ ሰው ሁሉ ግን ላያውቀው ይችላል። ቤቱ ከእኛ ዝቅ ብሎ ከወንዙ አጠገብ ነው፤ ማተብ ያሰረ ክርስቲያን፣ ያንተ ከወንድም የበለጠ ወዳጅ። ደጋው ሲያጉረመርም ሁለታችሁ ዶማና አካፋ ይዛችሁ ትሮጣላችሁ፤ ጎርፉን ከወንዙ ጠልፋችሁ አንድ ጊዜ የእሱን ማሳ ቀድማችሁ፣ በሚቀጥለው ያንተን ቀድማችሁ ታጠጣላችሁ። በፋሲካ እሱ ዳቦ ይልካል፣ በዒድ አንተ ማር ትልካለህ፤ ሥጋው ብቻ ነበር የሚለያችሁ። የእሱ ግቢ እርጥብ ስለሆነ ጉድጓድ ቢቆፈር እህል ያበሰብሳል። ስለዚህ ከእኛ በረት ሥር፣ ደረቁ ጉብታ ላይ፣ አብራችሁ ቆፈራችሁለት። አፉ እንደ ጋን የጠበበ፣ ሆዱ ሰው የሚያስቆም ጉድጓድ ነው። ውስጡን ለቅልቃችሁ እሳት ስታነዱበት እኔ ሕፃን ሆኜ ከአፉ የሚወጣውን ጭስ እያየሁ ስስቅ ትዝ ይለኛል።

ድርቁ ሲጠና አያ በላይ ከእህሉ ለስንቅ የሚሆነውን አወጣ፤ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ጥጥ ሊለቅም ወደ አፋር በረሃ ወረደ። የቀረውን ድንጋዩን ገጥሞ፣ በጭቃ መርጎ፣ አፈርና ፍግ ከምሮበት እስክመለስ አደራህን አለህ። አንተም ወላሂ ብለህ እጅህን ሰጠኸው። ብላ አላለህም፤ አትብላም አላለህም። ያን ጊዜ እኔ ደሴ ልሄድ ጓዜን እየሸከፍኩ ነበር፤ እጃችሁን ስትጨባበጡ አይቻለሁ።

አንተን አውቅሃለሁ። አንድ የአፋር ነጋዴ ትንሽ ግመል ጠፍታ እኛ ግቢ የገባች ጊዜ በጋውን ሙሉ የገዛ ፍየሎቻችንን ቅጠል ስትቆርጥላት ከረምክ። እማዬ ለሰው ግመል የዛፍ ቅጠል፣ ለቤት ፍየል የአላህ ሰማይ እያለች ስትቀልድብህ አንተ ትስቅ ነበር። ባለቤቷ በመጣ ቀን ግመሏ ወፍራ አላወቃትም። እሱ ሲመርቅህ አንተ እንደ ሙሽራ አፈርክ። ከራስ በላይ ነፋስ የሚል ሰው ካጋጠመህ ደግሞ ሙሉ ቀን ታኮርፋለህ። ያኔ እወድህ ነበር ለዚህ። ያኔ ግን የሞተብን ፍየል እንጂ ሰው አልነበረም።

ለዘር ብሎ ነው ብዬ እንዳልጽናና፣ ያገራችን ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው፤ የጉድጓድ እህል አይበቅልም። ዘር የሚሆነው ከምድጃው በላይ ተንጠልጥሎ ጭስ ሲጠጣ የከረመው ዛላ ነው። እሱን በላችሁት፤ ደግ አደረጋችሁ። ከበረቱ ሥር የቀረው ከመበላት በቀር ለምንም የማይሆን እህል ነበር። ምግብ ነበር አባዬ። ምግብን ከተራበ ልጅ ስትጠብቅ ነበር የከረምከው።

እንክፈተው አልኳት እማዬን። የአባትሽ ቃል ነው አለችኝ። ቃሉን ይዞ ሞተ፣ እኛ አለን፣ እንብላ አልኳት። ዶማ አንስቼ ስሄድ ቀድማኝ ሄዳ ጥጉ ላይ ቁጭ አለች። በዚያ በተረፈው አካሏ ቁጭ አለች። ከላይዋ ላይ ልቆፍር? ዶማውን ጥዬ ወጣሁ፤ ለቀናትም ሳንነጋገር የእርዳታ ዱቄት እያገነፋን በላን።

አያ በላይ በሐምሌ ተመለሰ። ሚስቱ አብራው አለች፤ ልጆቹን ወባ በረሃ አስቀርቶበታል። ያንተን ነገር ሮቢት ላይ ነግረውት ነበርና ከመንገዱ ጀምሮ እያለቀሰ መጣ። በረቱን አልፎ ሰይድ መቃብር ሄደ፣ ድንጋዩን በእጁ አስተካከለ፣ ከዚያ መጥቶ ከእማዬ እግር ሥር መሬት ላይ ተቀመጠ። ሁለት ልጅ የሞተበት ሰው ላይ መናደድ ከባድ ነው፤ እኔ ግን ችዬዋለሁ። ባይመጣ ይሻል ነበር፣ ቢመጣ ደግሞ አምና ነበር እያልኩ ከሩቅ አየው ነበር።

ጉድጓዱን የከፈቱት ከቀትር በኋላ ነው። ጎረቤቶች መጥተዋል። አያ በላይ አፈሩን ጠርጎ ምርጊቱ ላይ ሲደርስ ዶማውን እንደያዘ ቆመ። እማዬን አያት። እማዬ መሬት መሬት አየች። ከዚያ ምርጊቱን ሰብሮ ድንጋዩን አነሳ። ያ የጉድጓድ ሽታ፣ ያ አፍንጫ የሚወጋ የታፈነ እህል ሽታ ወጣ፣ ሁላችንም ወደ ኋላ አልን። ጉድጓድ ተከፍቶ ሳይተነፍስ እንደማይገባ የእኛ ልጅ ሁሉ ከመናገሩ በፊት ይማረዋል፤ የታፈነው አየር ሰውን ሳያስጮህ ይጥላል። ያንተ የአጎት ልጅ ቸኩሎ ገብቶ እዚያው ቀርቷል፣ ሊያወጣው የገባውም አብሮት። ስለዚህ አፉ ተከፍቶ አደረ። በማግሥቱ ኩራዝ በገመድ አወረዱ፤ ሳይጠፋ ሲመለስ አያ በላይ ገባ። ላይ ላዩ ጋት የሚያህል ሻግቶ ጠቁሯል፤ ከሥሩ ያለው ደህና ነው። በደንብ ተመርጎ ሳለ ምኑ አሻገተው ብሎ አንድ ሰው ጠየቀ። አያ በላይ አይጥ ሰርስሮት ይሆናል አለ። ቶሎ ነው ያለው፤ ያኔ ልብ አላልኩትም።

እህሉ ወጥቶ ሲያልቅ አያ በላይ ይህ የአሊ ሰደቃ ይሁን አለ። ስትሞት ዱዓ ያደረገልህ አልነበረምና ሰው ሁሉ ደግ ነገር ነው አለ። ሴቶች ፈጩ፣ ጋገሩ፤ ወንዶቹ ዳስ ጣሉ። ሸሁ መጡ፣ ከጎብዬም ሳይቀር ሰው መጣ። ዱዓው ሲያበቃ ሸሁ ስላንተ ተናገሩ። ልጆቻችሁን አስተምሩ አሉ፤ በረሃብ እየሞተ የክርስቲያን ጎረቤቱን አደራ ያልነካ ሰው ከመካከላችን ወጣ አሉ። አንዱ ሽማግሌ ከእንግዲህ ስንማማል አደራ እንደ አሊ እንላለን አለ። ሰው አሚን አለ፣ ቂጣውንም ጎረሰ። እኔ ከሴቶቹ መካከል ተቀምጫለሁ፤ እጄ ላይ ቂጣ ሰጥተውኛል። ሰይድ ያልበላውን ማሽላ። በሕዝብ ፊት ተናግሬ አላውቅም። ተነሳሁ።

«ሰይድም የአላህ አደራ ነበር» አልኩ።

ከዚህ በላይ የምለው አልነበረኝም። ቂጣውን ሰፌዱ ላይ መልሼ አስቀመጥኩ። አንዲት ሴትዮ ነጠላዬን ጎትታ ልታስቀምጠኝ ሞከረች። ሸሁ አልተቆጡኝም፤ አንገታቸውን ደፍተው መቁጠሪያቸውን ያዙ። ዳሱ ውስጥ የሚያኝክ ሰው አልነበረም። ወጥቼ አጥሩ ጋ ቆምኩ፤ ቁጣዬ ይወጣልኛል ብዬ ነበር፣ አልወጣልኝም።

ተከትሎኝ የመጣው አያ በላይ ነው። አጠገቤ ቆመ።

«ከዲጃ» አለኝ፣ «እኔ ብሆን እበላው ነበር።»

ሳያፍር ነው ያለው። ልጆቼን አብልቼ ሲመጣ እግሩ ላይ እወድቅ ነበር፣ እሱም ያነሳኝ ነበር አለ። አንተም ይህን ማወቅ ነበረብህ አባዬ፤ ስንት ዓመት ጎርፍ አብራችሁ የጠለፋችሁ ሰዎች! ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሌላ ነገር ነገረኝ። ጉድጓዱ ላይ ያገኘው ምርጊት የእሱ አልነበረም። እሱ ሲመርግ ጭቃውን በአመድና በገለባ አቡክቶ ነው፤ ያገኘው ግን ደረቅ አፈር በውኃ የተለወሰ፣ ጉልበት የሌለው እጅ የለጠፈው ነው። ሲያየው በሆዱ ደስ ብሎት ነበር፤ እሰይ፣ ወዳጄ በልቷል ብሎ። ሰው አደራ በላ እንዳይልህ ዝም አለ። በማግሥቱ ሲገባ ግን እህሉ ከተወበት ልክ አልጎደለም። ይህን እናትሽን ጠይቂ፣ እኔ ልጠይቃት አቅም የለኝም አለኝ።

እንግዳው ሲበተን ጠየቅኋት። ከዓመት ዝምታ በኋላ አንደበቷ እንዴት እንደተፈታ እንጃ፣ በአንድ ትንፋሽ ነው የነገረችኝ። ሰይድ ውኃ አልወርድለት ያለ ዕለት ከጧት ጀምረህ ስትቀመጥ ስትነሳ ዋልክ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ ዶማውን አነሳህ። ትንሽ ቆፍረህ ታርፋለህ፣ እንደገና ትነሳለህ። ድንጋዩን ስታነሳ ፀሐይ ጠልቃለች። ልግባ ብለህ እግርህን ስትሰድ እማዬ ሽርጥህን ይዛ ወደ ኋላ ጎተተችህ። ጣሳ በገመድ አስረህ አወረድክ፤ እህሉ ላይ ላዩ ጠጥሮ ጣሳው እየተንሸራተተ ባዶውን ይመጣል። ደጋግመህ ጣልከው። እፍኝ የማትሞላ ማሽላ ወጣች። እማዬ እሷን ቆልታ፣ ፈጭታ፣ ምድጃው ላይ ሙቅ ጣደች።

«ጉድጓድ ሳይተነፍስ አይገባም» አለችኝ፣ «ልጄ ደግሞ እስኪተነፍስ አልጠበቀም።»

ሙቁ ሳይወርድ ነው የሞተው። ሲነጋ ጉድጓዱ ተንፍሶ ነበር፤ ገብተህ ማውጣት ትችል ነበር። አንተ ግን ሰይድን ቀብረህ መጣህ፣ ድንጋዩን መለስክ፣ በእጅህ መረግከው። እኛ እንኳ እንብላ ስትልህ ሰይድ ያልበላውን በምን አፌ አልካት። ይህን ለሰው እንዳትናገሪ፣ አደራ አልካት። ከዚያ ክንዷን ይዘህ ቆቦ መጠለያ አደረስካት፤ የሚደርስህን ዱቄት ለእሷ እየሰጠህ እዚያው ቀረህ።

አሁን በማን ልናደድ? ንገረኝ። አደራ ጠብቆ ልጁን በገደለው ሰው ላይ ተናድጄ ሳልጨርስ ያ ሰው አንተ አይደለህም ተባልኩ። ያንተ ጥፋት ቀን ነው። አንድ ቀን። ከአንድ ቀን በፊት ዶማውን ብታነሳ ሰይድ ዛሬ ይህን ስጽፍ እርሳሴን ይነጥቀኝ ነበር። የቀረው ዘመንህ ሁሉ፣ ወላሂ ያልክበት እጅ፣ የሰው ግመል፣ ምስጋናው፣ ሁሉ ቀርቶ አንዲት ቀን ብትሰጠኝ እመርጥ ነበር። ሲነጋስ? ሲነጋ ለእማዬ ብለህ ብትገባ? ራስህን ልትቀጣ እሷን ምን አደረግካት? ደግሞ ሌላ አደራ፤ አንዱ አደራ ቤታችንን ጨርሶት ሌላ አደራ እሷ ላይ ጫንክ። በረቱን የምትጠርገው እህሉን ልትጠብቅ መስሎኝ ነበር። ያች ጥግ ለሰይድ ስትቆፍሩ ሞት የቀደማችሁ ቦታ ስለሆነች ነው።

ረሃብ የለም ያሉትንም አልተውኳቸውም። እነሱ አለ ቢሉ ኖሮ መኪናው ዱቄት ጭኖ በጊዜ ይመጣ ነበር፤ አንተም በወላሂህና በልጅህ መካከል ቆመህ አትውልም ነበር። ግን እነሱን አላውቃቸውም፤ ስማቸውን ብጽፍ አይሰሙኝም። የማውቀው አንተን ነው። ስለዚህ ቁጣው አንተ ላይ አረፈ፤ ታገሠኝ።

ነገ ዓመትህ ነው፤ ዱዓ ይደረጋል። ሸሁ፣ ሽማግሌዎቹ፣ አያ በላይ፣ አደራ እንደ አሊ የሚሉት ሁሉ ይመጣሉ። ይህን ደብዳቤ የማነበው እዚያ ነው፣ ዳሱ ሥር፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ። ለአባዬ የሰጠሽውን ቃል አፈርሳለሁና ልተወው ወይ ብዬ እማዬን ጠየቅኋት። ወደ ጓዳ ገብታ ያችን ጣሳ አመጣች፤ ገመዷ እንደታሰረ ነው፣ ከቆቦ ስትመለስ ከበረቱ አንስታ ደብቃት ኖሯል። ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝና በሰላምታ ጀምሪ አለችኝ።

አደራ ከፈተ ይሉህ ይሆናል። ይበሉ። አደራ የጠበቀውን አሊ እነሱ ያስታውሱት፣ እኔ ያን ሰው አላውቀውም። እኔ የማስታውሰው ዶማ አንስቶ የወጣውን፣ ጣሳ ጥሎ ባዶ ሲመለስለት እንደገና የጣለውን አባቴን ነው። ዘግይተሃል፤ ይህን አልምርህም። ቆፍረሃል፤ ይህንንም አልረሳልህም። አላህ ልጅ ከሰጠኝ ስሙ ሰይድ ነው። ጣሳዋን አሳየዋለሁ፣ የአያቱን ነገር እንዳለ እነግረዋለሁ። በእኔ ቤት ሰይድ ሲራብ ግን እህሉ የማን ነው ተብሎ አይጠየቅም።

ልጅህ ከዲጃ